ማዘጋጃ ቤት የሌላት ኒቆዲሞስ

በአሜሪካዋ የካንሳስ ግዛት፣ ወደ ሰሜን ምዕራቡ ጥግ፣ 24 ቁጥር አውራ ጎዳና በስንዴና በማሽላ ማሳ መካከል ይዘልቃል። አገሩ ሜዳ ነው፤ ዛፍ የሚታየው ወንዝ ዳር ብቻ ነው። መኪናውን ዝግ ያላደረገ መንገደኛ ኒቆዲሞስን ሳያያት ያልፋል። አንድ የኖራ ድንጋይ አዳራሽ፣ ሁለት አሮጌ ቤተ ክርስቲያኖች፣ ተማሪ ካጣ ከስልሳ ዓመት በላይ የሆነው ትምህርት ቤት፣ በአንድ ወቅት ሆቴል የነበረ ቤት፣ ከዚያ ጥቂት መኖሪያዎች አሉ። ቋሚ ነዋሪዎቿ ከሃያ አይበልጡም። ፖስታ ቤቷ በ1953 ተዘግቷል። (በዚህ ምዕራፍ የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኒቆዲሞስ ከንቲባ የላትም። የከተማ ምክር ቤትም፣ የከተማ ፖሊስም የላትም። በአሜሪካ አሠራር አንድ ሰፈር በሕግ ከተማ የሚሆነው ሰው ስለበዛበት ሳይሆን በግዛቱ ሕግ መሠረት ቻርተር አውጥቶ ሲቋቋም ነው። የተቋቋመ ከተማ ግብር ይጥላል፣ ደንብ ያወጣል፣ በስሙ ይከሳል፣ በስሙ ይከሰሳል። ያልተቋቋመው ግን ስሙ ካርታ ላይ ይጻፍ እንጂ በሕግ ዓይን ራሱን የቻለ አካል አይደለም። ሸሪፍ የሚልክለትም፣ የመሬት መዝገቡን የሚይዝለትም ካውንቲው ነው። በአማርኛ «ማዘጋጃ ቤት የሌለው መንደር» ብንል ነገሩን እንይዘዋለን።

እንዲህ ያለ ቦታ የግድ ትንሽ አይደለም። የላስ ቬጋስ ታላላቅ ቁማር ቤቶች የተደረደሩበት ጎዳና አብዛኛው ክፍል የሚገኘው ከላስ ቬጋስ ከተማ ወሰን ውጭ፣ ፓራዳይዝ በሚባል ያልተቋቋመ ሰፈር ውስጥ ነው። ወደ እኛ ሰዎች ስንቀርብ ደግሞ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ አለች። የዋሽንግተን አካባቢ ኢትዮጵያዊ እንጀራ የሚገዛባት፣ ቡና የሚጠጣባት፣ ሠርግና ለቅሶ የሚደርስባት ሲልቨር ስፕሪንግ ከ80 ሺህ በላይ ሰው ይኖርባታል፤ ከንቲባ ግን የላትም። የምትተዳደረው በሞንትጎመሪ ካውንቲ ነው። የጎንደር ከተማም የእህትማማችነት ግንኙነት ያላት ከዚሁ ካውንቲ ጋር ነው።

ሲልቨር ስፕሪንግም ፓራዳይዝም ግን ሕዝብና ገንዘብ አላቸው። ገጠር ያለ መንደር ሁለቱም የሉትም። ባቡር ከራቀው፣ ትምህርት ቤቱና ፖስታ ቤቱ ከተዘጋ፣ ቀስ በቀስ ከሰው አፍም ከካርታም ይወጣል። የካንሳስ ሜዳ እንዲህ በጠፉ መንደሮች የተሞላ ነው። ኒቆዲሞስ ባቡሩም፣ ትምህርት ቤቱም፣ ፖስታ ቤቱም ሄደውባታል። እሷ ግን አለች።

ነገሩ የሚጀምረው ከመሬት ነው።

የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በ1865 ሲያበቃ አራት ሚሊዮን ያህል ጥቁር ሰው ከባርነት ወጣ። ነፃነት አገኘ፤ መሬት ግን አላገኘም። ትናንት በግዴታ ያርሰው የነበረውን ማሳ ዛሬ በውል ያርሰው ጀመር። ምርቱን ለባለ መሬቱ ያካፍላል፤ ዘሩንና ሞፈር ቀንበሩን በብድር ይወስዳል፤ ዓመቱ ሲዘጋ ዕዳው ከድርሻው በልጦ ይገኛል። ይህን ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ማስረዳት አያስቸግርም፤ ጭሰኝነት ነው። «መሬት ላራሹ» ተብሎ በአዲስ አበባ መንገዶች ላይ ሰልፍ የተወጣበት ምክንያት ሚሲሲፒና ኬንታኪ ውስጥም ነበረ። በ1877 የፌዴራሉ መንግሥት የመጨረሻዎቹን ወታደሮች ከደቡብ ግዛቶች ጥበቃ ሲያነሣ የጥቁሮቹ የመምረጥ መብትና የሕይወታቸው ደኅንነት በቀድሞ ጌቶቻቸው እጅ ወደቀ።

ካንሳስ በዚያን ጊዜ በጥቁሮች ዘንድ ስሟ የተለየ ነበር። ጦርነቱ ሳይነሣ ባርነትን አልቀበልም ብላ ደም የፈሰሰባት፣ የባርነት ጠላቱ ጆን ብራውን መሣሪያ አንሥቶ የተዋጋባት ግዛት ናት። በዚያ ላይ በ1862 የወጣው የሆምስቴድ አዋጅ ነበር። በአዋጁ መሠረት አንድ የቤተሰብ ኃላፊ አነስተኛ የመዝገብ ክፍያ ከፍሎ 160 ኤከር መሬት ይይዛል፤ አምስት ዓመት ከኖረበትና ካለማው የራሱ ይሆናል። 160 ኤከር 65 ሄክታር ያህል ነው፤ በድሮው ስፍር አንድ ጋሻ ተኩል ይሆናል። ጥማድ መሬት እንኳ የኔ ነው ብሎ ለማያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ መገመት ቀላል ነው።

ይህን ስሜት ያዩ ሁለት ሰዎች ተገናኙ። አንዱ ደብልዩ አር ሂል የሚባል ነጭ የመሬት ነጋዴ ነው። ሌላው ደብልዩ ኤች ስሚዝ የሚባል ጥቁር ሰባኪ ነው። በሚያዝያ 1877 ከሌሎች አምስት ሰዎች ጋር የኒቆዲሞስ ከተማ ኩባንያን አቋቋሙ። ከሰባቱ መሥራቾች ስድስቱ ጥቁሮች ነበሩ። ከእነሱ መካከል ቄስ ሳይመን ራውንድትሪ ይገኙበታል፤ በባርነት ዘመን ማንበብ ተማርክ ተብለው ጉንጫቸው ላይ በጋለ ብረት መተኮሳቸው ይነገራል። ኩባንያው በራሪ ወረቀት አሳትሞ በተነ፤ ሂልም በኬንታኪ የጥቁሮች ቤተ ክርስቲያኖች እየዞረ ስለ ምድሪቱ ልምላሜ ሰበከ። መመዝገቢያው አምስት ዶላር ነበር።

መንደሪቱ ለምን በኒቆዲሞስ ስም እንደተጠራች ሁለት ወሬ አለ። አንዱ በዘመኑ ይዘፈን በነበረ መዝሙር ውስጥ የሚገኘውን ኒቆዲሞስ የተባለ አፍሪካዊ ባሪያ ያነሣል። ሌላው የወንጌሉን ኒቆዲሞስ ይላል። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ምእመን ይህን ስም በዐቢይ ጾም ሰባተኛው ሳምንት ላይ ያውቀዋል፤ በሌሊት ወደ ጌታ የሄደው፣ ሰው ከሸመገለ በኋላ እንዴት ዳግመኛ ይወለዳል ብሎ የጠየቀው መምህር ነው። ወንጌልን በቃላቸው ለሚያውቁ ለእነዚያ ሰዎች የዳግም ልደት ነገር ሳይታሰባቸው የቀረ አይመስልም።

መስከረም 17 ቀን 1877 ከሦስት መቶ በላይ ሰዎች ከኬንታኪ ተነሥተው ደረሱ። በእኛ አቆጣጠር የ1870 ዓ.ም. እንቁጣጣሽ ካለፈ ሳምንቱ ነበር። ባቡሩ ያመጣቸው እስከ ኤሊስ ጣቢያ ድረስ ነው፤ ከዚያ ወደ ሰሜን ሃምሳ ኪሎ ሜትር የሚያልፈውን መንገድ አብዛኞቹ በእግራቸው ሄዱ።

የደረሱበትን ነገር ከሁሉ አብልጣ የተናገረችው በቀጣዩ ጸደይ የመጣችው ዊሊያና ሂክማን ናት። ባሏ ዳንኤል ሂክማን ቄስ ነበሩ። በጉዞው ላይ ኩፍኝ ገብቶባቸው ከቡድኑ ሕፃናት ሞተውባቸዋል፤ እነሱን ቀብረው ነው የመጡት። ተጓዦቹ ከሩቅ መንደሪቱ ታየች እያሉ በደስታ ሲጮኹ ዊሊያና ዓይኗን አቅንታ ብታይ ምንም የለም። ኒቆዲሞስ የት አለች ብላ ጠየቀች። ባሏ ከመሬት ውስጥ እየተግተለተለ የሚወጣውን ጭስ አመለከታት። ሰዎቹ የሚኖሩት ጉድጓድ ቆፍረው ነበር። ዊሊያና ያን ጊዜ አለቀሰች፤ በስተርጅናዋም ማልቀሷን አልደበቀችም።

እነዚያ ጉድጓድ ቤቶች እንዴት ይሠሩ ነበር? ኮረብታ ካለ ወገቡ ይፈለፈላል፤ ከሌለ ሜዳው ወደ ታች ይቆፈራል። በላዩ አግዳሚ ይጋደምበታል፤ ከዚያ ቅጠላ ቅጠልና ጭራሮ፣ ከዚያ ከነሣሩ የተቆረጠ አፈር ይከደንበታል። ወለሉ አፈር ነው፣ ግድግዳውም አፈር ነው። ዝናብ ሲጥል ጣሪያው ጭቃ ያንጠባጥባል። ዛፍ በሌለበት ሜዳ እንጨት ለማገር ቀርቶ ለማገዶም አይገኝም፤ ስለዚህ ሴቶቹና ልጆቹ የሱፍ አገዳና በሜዳው የደረቀ የጎሽ ኩበት ይለቅሙ ነበር። ደን ባለቀበት በሸዋና በወሎ ደጋ ኩበት ስትለቅም ያደገች ሴት ያንን ሜዳ ብታየው ሥራው አዲስ አይሆንባትም። ኬንታኪ ግን የደን አገር ናት። ለኬንታኪ ሰው ያለ እንጨት መኖር እንዴት እንደሚቻል ማሰብም ከባድ ነበር።

ዋናው ችግር ግን ወቅቱ ነበር። መስከረም ላይ የደረሰ ገበሬ ለዚያ ዓመት የሚዘራው ነገር የለም። ክረምቱ በረዶ ነው፤ በጎተራ እህል የለም፤ ፈረስ ያለው ቤተሰብ በጣት የሚቆጠር ነው። ስልሳ ያህል ቤተሰብ ሜዳውን አይቶ ወዲያው ተመለሰ ይባላል። ብዙዎች በሂል ተቆጡ፤ ቁጣቸውም ፍትሐዊ ነበር፤ የሰበከላቸውና ያዩት ለየቅል ናቸውና። ጉልበት ያላቸው ወንዶች የባቡር ሐዲድ ሥራ ፍለጋ ርቀው ሄዱ፤ መንደሪቱን በዚያ ክረምት ያቆዩት አብዛኛውን ሴቶች፣ ሽማግሌዎችና ልጆች ናቸው። በመንደሪቱ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣው ታሪክ እንደሚለው፣ ከአደን የሚመለሱ የኦሴጅ ነገድ ሰዎች በዚያ ሲያልፉ ከምግባቸው አካፍለዋቸዋል። ራሳቸው ከርስታቸው እየተገፉ የነበሩ ሰዎች ናቸው።

በዚያው ጥቅምት ከጉድጓዶቹ በአንዱ ውስጥ ሕፃን ተወለደ። ኤማ ዊሊያምስ የተባለች እናት እርጉዝ ሆና ነበር ያን መንገድ የመጣችው። ልጁ ሄንሪ ተባለ። የኒቆዲሞስ የመጀመሪያ ተወላጅ እሱ ነው።

ጸደይ ሲመጣ እርሻው በአካፋ፣ በዶማና በመቆፈሪያ ተጀመረ። የካንሳስን ሜዳ በአካፋ መገልበጥ ቀልድ አይደለም፤ የሣሩ ሥር ለዘመናት እርስ በርሱ ተቆላልፎ እንደ ምንጣፍ የጠነከረ ነው። በዚያ ዓመት አንድ ቤተሰብ ያለማው ጥቂት ኤከር ብቻ ነበር። አካባቢው ዝናብ አጠር ነው፤ 100ኛው የኬንትሮስ መስመር አጠገብ ነው፤ አሜሪካውያን ገበሬዎች ከዚያ መስመር ወዲያ ያለውን ደረቅ ምዕራብ ይሉታል። እንዲህም ሆኖ ሰዎቹ ቆዩ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ያስደንቃል። አሥር ዓመት ሳይሞላ ጉድጓዶቹ በድንጋይና በአፈር ብሎክ ቤቶች ተተኩ። ባንክ፣ ሸቀጣ ሸቀጥ መደብሮች፣ ሆቴሎች፣ ቤተ ክርስቲያኖች፣ ትምህርት ቤት፣ የሥነ ጽሑፍ ማኅበር፣ አይስክሬም ቤት ሳይቀር ተከፈቱ። የዛክሪ ፍሌቸርና የሚስቱ የጄኒ ስሚዝ ፍሌቸር ቤት ለብቻው የመንደሪቱ ማዕከል ነበር፤ ፖስታ ቤቱም፣ ሆቴሉም፣ የመጀመሪያው ትምህርትም ከእነዚህ ባልና ሚስት እጅ ወጥቷል። ጄኒ የኩባንያው መሥራች የስሚዝ ልጅ ናት። ዌስተርን ሳይክሎንና ኒኮዲመስ ኢንተርፕራይዝ የሚባሉ ሁለት ጋዜጦችም ይታተሙ ነበር። ማንበብ ተከልክለው ያደጉ ሰዎች ባሉባት በአንዲት የገጠር መንደር ሁለት ጋዜጣ መታተሙን ሳያደንቁ ማለፍ አይቻልም።

ፖለቲካውም አልቀረም። በ1878 ኤድዋርድ ማኬብ የሚባል ወጣት ከቺካጎ መጣ። ሕግ ያጠና፣ አንደበቱ የቀና ሰው ነበር። ግራሃም ካውንቲ በ1880 ሲደራጅ ጸሐፊ ሆነ፤ በ1882 ደግሞ የካንሳስ ግዛት ዋና ኦዲተር ሆኖ ተመረጠ፤ ሁለት ጊዜም አገለገለ። በካንሳስ በመላው ግዛት ሕዝብ ድምፅ ለእንዲህ ያለ ሥልጣን የበቃ የመጀመሪያው ጥቁር እሱ ነው። ከዚያ ወደ ኦክላሆማ ተሻግሮ ላንግስተን የምትባለውን የጥቁሮች ከተማ ከመሠረቱት አንዱ ሆነ።

ቀጥሎ የባቡሩ ነገር መጣ።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በካንሳስ የባቡር ሐዲድ የመንደር ዕድል ወሳኝ ነበር። እህል በጋሪ ረጅም መንገድ ከተጓጓዘ ትርፉ መንገድ ላይ ያልቃል። ጣቢያ ያገኘ መንደር የእህል መጋዘን ያገኛል፤ መጋዘኑ ነጋዴ ይስባል፤ ነጋዴው ሐኪምና ጠበቃ ያስከትላል። ጣቢያ ያጣ በቁሙ ይደርቃል። የባቡር ኩባንያዎችም ይህን ስለሚያውቁ መንደሮችን ያጫርቱ ነበር፤ ቦንድ አውጥታችሁ ገንዘብ ካልሰጣችሁን ሐዲዱን ወደ ጎረቤት እናዞረዋለን ይሉ ነበር።

በመጋቢት 1887 የኒቆዲሞስ አካባቢ ነዋሪዎች ተሰብስበው ለሚዙሪ ፓሲፊክ ኩባንያ 16 ሺህ ዶላር ቦንድ ለማውጣት ድምፅ ሰጡ። ከአሥር ዓመት በፊት ያለ ፈረስ የገቡ ሰዎች ናቸው። ዩኒየን ፓሲፊክና ሳንታ ፌ የተባሉ ኩባንያዎችም ስማቸው ይነሣ ነበር። ጋዜጦቹ በየሳምንቱ ስለ ባቡሩ ጻፉ፤ አዳዲስ ሱቆች ተከፈቱ፤ የቦታ ዋጋ ናረ። ሚዙሪ ፓሲፊክ ግን ሳይመጣ ቀረ። በ1888 ዩኒየን ፓሲፊክ ሐዲዱን ከሰለሞን ወንዝ ደቡብ፣ ከኒቆዲሞስ ስድስት ማይል ርቀት ላይ አነጠፈ። የሠራተኞቹ ሰፈር በኋላ ቦግ የምትባል መንደር ሆነ።

ስድስት ማይል አሥር ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። በእግር የሁለት ሰዓት መንገድ ነው። ግን ያን መከር ነጋዴዎቹ ዕቃቸውን እየጫኑ ወንዙን ተሻገሩ። ዓመቱ ሲያልቅ ሁለቱም ጋዜጦች አልነበሩም። ኒቆዲሞስ ከዚያ ወዲህ ከተማ የመሆን ዕድል አላገኘችም፤ ከንቲባም ማዘጋጃ ቤትም የሌላት መሆኗ ከዚያ መከር ጋር የተያያዘ ነው። የባቡር ኩባንያው ከኒቆዲሞስ የራቀው የጥቁሮች መንደር ስለሆነች ነው የሚሉ አሉ፤ የመሬት ንግድ ስሌት ነው የሚሉም አሉ። ከስሌቱ በላይ ግን የሚያሳዝነው መንደሪቱ የጠየቋትን ሁሉ አሟልታ መቅረቷ ነው።

ገበሬዎቹ ግን አልሄዱም። ነጋዴ ዕቃውን ጭኖ ይሄዳል፤ ገበሬ አምስት ዓመት ኖሮ፣ ቆፍሮ፣ በስሙ ያስመዘገበውን መሬት ጭኖ አይሄድም። መንደሪቱ ከከተማነት ሕልም ወርዳ የገበሬ መንደር ሆነች፤ እንዲያውም ለተወሰኑ ዓመታት ኑሮው ተሻሻለ። የአንደኛው የዓለም ጦርነት የስንዴ ዋጋ ሲያንር ገቢያቸው ጨመረ። በ1907 ባፕቲስቶቹ ቤተ ክርስቲያናቸውን ሠሩ፤ በ1918 አዲስ ትምህርት ቤት ቆመ።

1930ዎቹ የመጡት ድርቅ፣ የአቧራ ማዕበልና የኢኮኖሚ ውድቀት አንድ ላይ ይዘው ነው። በጥልቀት የታረሰው አፈር ዝናብ ሲያጣ በነፋስ ተነሥቶ ቀኑን አጨለመው። በ1935 በመንደሪቱ የቀሩት 76 ሰዎች ናቸው። በ1950 ደግሞ 16 ብቻ ነበሩ። በዚህ ክፉ ዘመን መካከል፣ በ1939፣ መንግሥት ለሥራ አጦች ሥራ ለመፍጠር ባወጣው ፕሮግራም ያ የኖራ ድንጋይ አዳራሽ ተሠራ። ድንጋዩ ከዚያው አካባቢ የተፈለጠ ነው። ሰው እያለቀ በነበረበት ዓመት የተሠራ የመሰብሰቢያ አዳራሽ ዛሬም የመንደሪቱ ትልቁ ቤት ነው። ትምህርት ቤቱ በ1960 ተዘጋ።

መንደር በዚህ ጊዜ ነው የሚጠፋው። ኒቆዲሞስን ያዳናት በዓል ነው።

ሰፋሪዎቹ ከመጡበት ጊዜ አንሥቶ የነፃነት በዓል ያከብሩ ነበር። ቀኑ ነሐሴ 1 ነበር፤ ይህም በ1834 በእንግሊዝ ቅኝ የካሪቢያን ደሴቶች ባርነት የተሻረበት ቀን ነው። የአሜሪካ ጥቁሮች የራሳቸው ነፃነት ሳይታወጅ የካሪቢያኖቹን ቀን እያሰቡ ተስፋ ያደርጉ ነበር፤ ልማዱን ካንሳስ ድረስ ይዘውት መጡ። ከመንደሪቱ አጠገብ ወንዝ ዳር ባለው ዛፍ ሥር ድንኳን ይተከላል፤ ሥጋው ይጠበሳል፤ ቤዝቦል ይጫወታሉ፤ ሰልፍ ይወጣሉ፤ እሑድ በቤተ ክርስቲያን ይዘመራል። ልጆቹ ለሥራ ወደ ዴንቨር፣ ወደ ቶፒካ፣ ወደ ካሊፎርኒያ ከሄዱ በኋላ ይህ በዓል የመመለሻ ቀን ሆነ። ስሙም ከጊዜ በኋላ ወደ ቤት የመመለሻ በዓል ወደማለት ተለወጠ፤ ቀኑም በሐምሌ የመጨረሻ ቅዳሜና እሑድ ዙሪያ ተወሰነ። አሥራ ስድስት ሰው በነበራት መንደር በእነዚያ ቀናት መቶዎች ይሰበሰባሉ።

እኛ ይህን እናውቀዋለን። ለመስቀል ጉራጌ አገር የሚሄድ ሰው የሚሄደው ቤቱ እዚያ ስለሆነ ነው፤ አድራሻው አዲስ አበባም ዳላስም ሊሆን ይችላል። የጉራጌ መንደር በመስከረም ሰው ይሞላዋል። ያ ሰው በመንደሩ የሕዝብ ቆጠራ ላይ አይቆጠርም፤ መንደሩ ግን የሱ ነው። የኒቆዲሞስ ተወላጆችም እንዲህ ናቸው። በ1954 ግሪን ቤይ ፓከርስ የተባለው የአሜሪካ እግር ኳስ ቡድን በአዲስ ተጫዋቾች ምርጫ በመጀመሪያው ዙር አራተኛ አድርጎ የመረጠው ቬሪል ስዊትዘር የዚህች መንደር ልጅ ነው፤ ስሙ በተነሣ ቁጥር የኒቆዲሞስ ስም አብሮ ይነሣል።

መንደሪቱ በ1976 ብሔራዊ ታሪካዊ ቅርስ ተባለች፤ ተወላጆቿ በ1988 የታሪክ ማኅበር አቋቋሙ፤ ኅዳር 12 ቀን 1996 አምስቱ አሮጌ ቤቶች ብሔራዊ ታሪካዊ ስፍራ ሆነው በፌዴራሉ የፓርኮች አገልግሎት ጥበቃ ሥር ገቡ። ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ ባሉት ዓመታት በምዕራቡ አገር ጥቁሮች ከመሠረቷቸው መንደሮች ሕይወት ያላት የቀረች እሷ ናት። ማዘጋጃ ቤት ያላገኘች መንደር የፌዴራል መንግሥት ሠራተኛ ተመደበላት። በዚህ መልኩ ዕውቅናው 119 ዓመት ዘግይቷል ብንል ማጋነን አይሆንም።

አንድ ነገር ይቀራል፤ ለአማርኛ አንባቢ ሳይነገር የማይታለፍ ነገር ነው።

በ1990ዎቹ መጨረሻ በኒቆዲሞስ ዙሪያ የቀሩት ጥቁር ገበሬዎች ጥቂት ነበሩ። በመላው አሜሪካ የጥቁር ገበሬዎች ቁጥር በአንድ ምዕተ ዓመት ውስጥ እጅግ አሽቆልቁሏል፤ ብድር መከልከል አንዱ ትልቅ ምክንያት ነው። ኒቆዲሞሶች የካንሳስ ጥቁር ገበሬዎች ማኅበርን አቋቋሙ። በስንዴ ከትልልቅ እርሻዎች ጋር መወዳደር ስላልተቻለ ሌላ እህል ፈለጉ፤ ከሞከሯቸው አንዱ ጤፍ ነው። አዎ፣ የእኛው ጤፍ። ድርቅ ይችላል፤ ስንዴ የማይስማማቸው ሰዎች ይፈልጉታል፤ በየከተማው ደግሞ እንጀራ የሚበላ ሕዝብ አለ። በ1980ዎቹ አይዳሆ ውስጥ ኢትዮጵያን የሚያውቅ አሜሪካዊ ጤፍ ዘርቶ ለእንጀራ ጋጋሪዎች መሸጥ ጀምሮ ነበርና ሐሳቡ ከባዶ አልተነሣም።

ጤፍ ዘርቶ የሚያውቅ ገበሬ ችግሩን አስቀድሞ ይገምተዋል። ፍሬዋ ከእጅ ካመለጠች አትገኝም፤ ጥልቅ ከተዘራች አትበቅልም፤ ለበቆሎና ለስንዴ የተሠራ የመዝሪያ መሣሪያ አይሆናትም፤ ኮምባይነር ላይ ባለ ስንጥቅ ሁሉ ታመልጣለች። የጎጃም ገበሬ ማሳውን ደጋግሞ አርሶ፣ አለስልሶ፣ በከብት አስረግጦ፣ በእጁ የሚበትናት ለዚህ ነው። የካንሳስ ገበሬዎች ይህን ሁሉ በመሣሪያ ለመተካት ሞከሩ። ጤፍ በዚያ ሜዳ ስንዴን አልተካም። ግን ከኬንታኪ በእግራቸው ከመጡት ሰዎች ልጅ ልጆች እጅ የኢትዮጵያ እህል በኒቆዲሞስ አፈር ላይ ወድቆ በቅሏል።

ከዴንቨርም ሆነ ከካንሳስ ሲቲ ኒቆዲሞስ በመኪና አምስት ሰዓት ያህል ነው። በሁለቱም ከተሞች አማርኛ አንባቢ አለ። በሐምሌ የመጨረሻው ሳምንት መጨረሻ በ70 ቁጥር አውራ ጎዳና የምታልፉ ከሆነ ወደ ሰሜን ታጠፉ። አዳራሹ ክፍት ነው፤ የአንዱ ቤተሰብ ሽማግሌ የዊሊያናን ጭስ ታሪክ ለልጅ ልጁ ሲነግር ብትደርሱ ቁጭ ብላችሁ አድምጡ።